ለውሻዬ ዋስ ፍለጋ

ደብረ ታቦር አስፋልት ላይ ከውሻ ጋር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። ወንድ ከሆናችሁ «አደን ነው?» ትባላላችሁ። ሴት ከሆናችሁ ጥያቄው ይበዛል። «በግ ጠፋብሽ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ነክሶሽ ነው? ልትከሽው ይዘሽው እየሄድሽ ነው?» ይላል ሌላው። የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ ቀስ ብሎ አጠገባችሁ ይደርስና «እሱም ይከፍላል ታዲያ!» ብሎ እየሳቀ ያልፋል።

ገጠር ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ገጠር ውሻ ጌታውን ተከትሎ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ሳይጠሩት ይገኛል። ከተማ ሲገባ ግን ውሻ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ አጥር ውስጥ የታሰረና ሥጋ ቤት ደጅ የተኛ። ሦስተኛ ዓይነት አይታወቅም። የእኔው ሦስተኛው ነው።

ስሙ መከታ ይባላል። መልኩ የገብስ ነዶ ይመስላል። አንድ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ እንደወደቀ ነው። ስለ እሱ ላወራችሁ ስለ እኔ ትንሽ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን ደግሞ አልወድም። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የምትለውም እሷው ናት። በየትኛው እንደምሄድ ሳትነግረኝ ዳረችኝ።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። በቃ፣ ተናገርሁት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ክፍል ውስጥ ጣለኝ። በማግሥቱ ስመጣ ወንበሬ ብቻውን ጥግ ይዞ አገኘሁት። ማን እንደወሰደው የነገረኝ የለም፤ በራሱ እግር የሄደ ነው የሚመስል። ትንሽ ቆይቼ እኔም ከክፍሉ ወጣሁ፤ እንደወጣሁም ቀረሁ። አሁን ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ጠበሌንም እጠመቃለሁ። ሁለቱ ተባብረው ብዙውን ቀን ያስችሉኛል። ሁሉንም ቀን ግን አይደለም።

እኛ አገር ሰው ሲወድቅ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ግማሹ ይሸሻል፣ ግማሹ ክብሪት ይጭራል። ጭሱን ሲያሸቱኝ ነው የምነቃው ይላሉ። እኔ እንጃ፤ ሳላሸትም ነቅቼ አውቃለሁ። ክብሪቱ የሚጠቅመው ለጫረው ሰው ይመስለኛል። እጁን አጣጥፎ ከመቆም ያድነዋል።

መከታ ግን ቀድሞ ያውቃል። ማንም አላስተማረውም። ሊጥለኝ ሲል ነጠላዬን በጥርሱ ይይዝና ወደ መሬት ይጎትታል። እናቴ መጀመሪያ የገባት በግልባጩ ነበር። «የሚጥልሽስ ይኸ ውሻ ነው!» አለች። ፍረዱ እስኪ፤ ውሻው ይጎትታል፣ እኔ እወድቃለሁ። ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ስለዚህ እብናት ላለው አጎቴ ተሰጠ። እሱ በሄደ በማግሥቱ ደጃፍ ላይ ወድቄ ግንባሬን ተፈነከትሁ። እናቴ ራሷ እብናት ድረስ ወርዳ በገመድ ይዛው ተመለሰች። መንገድ ላይ ይቅርታ ትጠይቀው አትጠይቀው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲጎትተኝ እቀመጣለሁ፣ ጋደም እላለሁ። የሚመጣው ይመጣል፣ ይሄዳል። ቁስልም የለ፣ ጩኸትም የለ።

ሥራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ሻይ ማፍላትና ቢሮ መጥረግ ነው፤ በኮንትራት። የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳትሉኝ። ባለጉዳይ መጥቶ «ነገ ተመለስ» የሚባልበት ነው። ይኸን ስላችሁ ጭራሽ ጠፋባችሁ አይደል?

አንድ ቀን ታዲያ የፈላ በራድ ይዤ ሳለሁ ጣለኝ። ክንዴ ተላጠ። ልጄን ቤዛን እስኪሽርልኝ ድረስ በአንድ እጄ እያቀፍሁ ነበር የማጠባት። ግን የፈራሁት ቃጠሎውን አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያዝንልኝ ጀመር። እኛ ዘንድ ሰው ሊያሰናብቱ ሲፈልጉ መጀመሪያ ያዝኑለታል። «ምስኪን፣ ለራሷ ስትል ብታርፍ» ይላሉ። ካረፍሁ ደግሞ ቤዛ ምን ትበላለች? የልጄ አባት የቀን ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ነው፤ አንዳንዴ ያገኛል፣ አንዳንዴ ድምፁም አይገኝም። እሳትና የፈላ ውኃ ያለበትን ሥራ እንዳልተው እንጀራዬ ነው። እንዳልቀጥል ደግሞ አንድ ቀን ፊቴን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ውሻዬን ይዤ ሥራ ልግባ ብዬ አመለከትሁ።

ኃላፊያችን አቶ ወርቁ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው አይቆጡም፤ ተረት ነው የሚተርቱበት። ማመልከቻዬን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁት። ከዚያ «ውሻ ምን አግብቷት ከእርሻ!» አሉ።

ቀጥለው ያስረዱኝ ጀመር። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ ምን ይደረጋል ብለው ጠየቁኝ። ጠበል ይረጫል አልሁ። «አየሽ!» አሉኝ። ምኑን እንዳየሁ አልገባኝም። ቢሯቸው ውስጥ የሚቀደስ አይመስለኝም ነበር። ደግነቱ የመዝገብ ቤቱ ዲያቆን ፊርማ ሊያስፈርም እዚያው ቆሟል። የቆሎ ትምህርት ቤት የጨረሰ ልጅ ነው፤ ነገር ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ጌታዬ፣ አልዓዛርን ሰው ሁሉ ሲጸየፈው ቁስሉን ይልሱለት የነበሩት ውሾች ናቸው እኮ» አላቸው።

አቶ ወርቁ እንደማሰብ አሉና «አልዓዛር የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም» አሉ።

ነገሩ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ተሰብስቦ የውሻ ጉዳይ የማንን ክፍል ይመለከታል በሚለው ሲከራከር ዋለ። በመጨረሻ ለሰው ሀብት ተሰጠ፤ የውሻ ሀብት የሚባል ክፍል ስለሌለን። የሰው ሀብቷ ወይዘሮ ስንዱ ሥራ የምትወድ ሴት ናት። ሠራተኛ ሲቀጠር የሚጠየቀውን ሁሉ ለመከታም ጠየቀች። የክትባት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ዋስ።

የክትባቱ እንኳ አግባብ ነው፤ እብድ ውሻ ያለበት አገር ነው። አስከተብሁት። ለፎቶው ወደ ፎቶ ቤት ይዤው ገባሁ። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ የሳቅሁበት መስሎት ተቆጣ። ለመሥሪያ ቤት ነው ስለው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ የመሥሪያ ቤት ነገር ሲሆን የማያምን ማን አለ? በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ቀና አርጊው አለኝ፣ ቀና አረግሁት። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገና «ሁለቱም ጆሮው መታየት አለበት፤ አንዱ ከተጋረደ አይቀበሉሽም» አለኝ። የወደቀውን ጆሮውን በሁለት ጣቴ ይዤ አቆምሁለት። እስከ ዛሬ ፎቶው ላይ ጣቴ አለ።

ዋሱ ላይ ግን ተያዝሁ። ወይዘሮ ስንዱን ለምኑ ነው ዋስ ብላት፣ «ቢነክስስ?» አለችኝ። እሺ፣ ይኸስ ልክ። «ንብረት ይዞ ቢሰወርስ?» አለችኝ ደግሞ። ዐይኗን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት ተባልሁ። እኔ ራሴ ኮንትራት ስለሆንሁ ለገዛ ውሻዬ ዋስ መሆን አልችልም።

ዋስ መለመን እንደምን ያለ ነገር እንደሆነ የለመነ ያውቀዋል። አብሯችሁ ሲስቅ የዋለ ሰው «ዋስ» ስትሉት ስልክ ይጠራበታል። አንዱ «ለአማቼ ዋስ ሆኜ ያየሁት ይበቃኛል» አለኝ። ውሻ እኮ አይከዳም አልሁት። «እሱን ነው የፈራሁት፤ የማይከዳ ነገር አለመድንም» ብሎኝ ሄደ። ሌላዋ ደግሞ በጣም አዘነችልኝ። ስታዝንልኝ ጊዜ ቶሎ ብዬ ወጣሁ።

ከሁሉ የከፉብኝ ግን ዘበኛው አያ ሙሉ ነበሩ። አያ ሙሉ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ያረጁ ቋሚ ሠራተኛ ናቸው። የውሻው ወሬ ጆሯቸው የገባው ተጣሞ አልነበረም፤ እንዳለ ነው የሰሙት። ግን ውሻ በር ላይ ሲባል ሌላ ምን ይታሰባል? «ጎሽ!» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። «አረጀ ብላችሁ ውሻ ልትቀጥሩብኝ? እኔ ሳልሞት? ደግሞ ደመወዙ አጥንት ነው፤ እኔን በምን ያወዳድሩኝ!»

አያ ሙሉ፣ ለእኔ ነው፣ ለበሽታዬ ነው አልኋቸው።

«እሱማ መጀመሪያ ለበሽታ ነው ይባላል» አሉ።

እናቴ ቀትር ላይ ቤዛን አዝላ ታመጣልኛለች፤ በሩ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አጠባታለሁ። መከታም ተከትሎ ይመጣል። አያ ሙሉ እሱ ሲመጣ ጀርባቸውን ይሰጡታል። እሱ ደግሞ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ይተኛል። ዞር ይላሉ፣ ዞር ይላል። «ምኔን ነው የሚጠብቅ ይኸ?» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ቆሎ ሲበሉ አንዳንድ ፍሬ ታመልጣቸው ጀመር። ቆሎ ደግሞ ከአያ ሙሉ እጅ አምልጦ አያውቅም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን እናቴ ቤዛን ሰጥታኝ ጨው ልግዛ ብላ ሄደች። እያጠባሁ ሳለሁ መከታ ተነሣ። ነጠላዬን ያዘ። ጎተተ። ልጄ እቅፌ ውስጥ ናት። ከበታቼ ድንጋይ ነው። ዙሪያዬን ሳይ ያሉት አያ ሙሉ ብቻ ናቸው። ልጄን አንሥቼ እጃቸው ላይ አኖርኋትና መሬት ላይ ተጋደምሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ጋቢያቸው ከራሴ ሥር ነው። ዱላቸው ወዲያ ወድቋል። አያ ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ቤዛን ታቅፈዋል፤ ጡት ስትነጠቅ አልቅሳ ነበር መሰለኝ፣ አሁን ጣታቸውን ትጠባለች። መከታ ከእኔና ከእሳቸው መኻል ተኝቷል። አያ ሙሉ ክብሪት አልጫሩም። ለነገሩ በምን እጃቸው?

ቀና ብዬ እስክቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ልጅቱን ለመስጠት ፋታ ማን ሰጠሽ?» አሉኝ።

መከታን አየሁት። እሳቸውም አዩት።

«ዋስ አጣ የሚሉት ይኸን ነው?»

አዎ አልሁ።

«ሰው የማያፍር ፍጡር ነው» አሉ። ተነሥተው ቤዛን እንደታቀፉ ወይዘሮ ስንዱ ቢሮ ገቡ። እኔም እየተንገዳገድሁ ተከተልሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ደነገጠች። «አያ ሙሉ፣ አንቱ ነዎት ዋሱ? አስበውበታል?» አለቻቸው። አስቤበታለሁ አሉ። ግን የሚያስይዙት ቃል እንዳለ ተናገሩ። አንደኛ፣ ውሻው በር ላይ አይጮህም፤ መጮህ የእሳቸው ሥራ ነው። ደግሞ ወንበራቸው ላይ አይተኛም። ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ካልሆነ በቀር በዚያ በር አይገባም፣ ዋስትናቸውም እሷ እስካለች ነው። ወይዘሮ ስንዱ ሁሉንም ጻፈችው። አያ ሙሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉበት። ቤዛም እጇን ቀለሙ ላይ አሳርፋ ስለነበር ከእሷም ትንሽ አለበት።

መከታ ሥራ ገባ። የሻይ ክፍሉ ደጃፍ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ እዚያ ተኝቶ ይውላል። በቃሉ መሠረት አይጮህም። ከዚያ ወዲህ ሁለቴም ሦስቴም ጎትቶኛል፤ በራዴን አስቀምጬ ተጋድሜ ተነሥቻለሁ። ክንዴ ላይ አዲስ ጠባሳ የለም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን መሥሪያ ቤት ነው፤ ምን ጥሩ ነገር ዝም ብሎ ያልቃል?

ከአንበሳሜ የሚመላለሱ አንድ ገበሬ አሉ። የመሬት ጉዳይ ነው የያዙት። በመጡ ቁጥር ነገ ይባላሉ። በመጡ ቁጥር ደግሞ ድምፃቸው ከፍ ይላል። «ነገ ነገ ስትሉኝ ነገም አረጀ!» ብለው ሲጮኹ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። መከታ በገባ ሰሞን መጡ፣ ነገ ተባሉ፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ መከታ ከተኛበት ራሱን ቀና አደረገ። ገበሬው አዩት። አፋቸውን ገጠሙ። «እሺ፣ ነገ» ብለው ሄዱ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ባለጉዳይ ሁሉ ጨዋ ሆነ። የሚጮህ ጠፋ። መከታ ምንም አያደርግም፤ ቀና ነው የሚል። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። ገጠር ያደገ ውሻ ነው፤ ቁምጣና ዱላ ሲያይ አገሩ ትዝ ይለዋል፣ ሊላፋ ነው የሚነሣ። ግን ማን ጠየቀኝ?

ከላይ የመጡ እንግዶች ቢሮውን ሲጎበኙ ኮሪደሩ ጸጥ ያለ ነበር። ባለጉዳይ በሰልፍ ተቀምጧል፣ ቅሬታ ያለው ቢባል እጅ የሚያወጣ የለም። መከታ አጠገባቸው ተኝቷል። እንግዶቹ ተደነቁ። አቶ ወርቁ ስለ መልካም አስተዳደር ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበላቸው። ሻይ ያቀረብሁት እኔ ነበርሁ። ውሻውን የጠቀሰው የለም።

ብዙ ሳይቆይ ኮንትራቴ አለቀ። አቶ ወርቁ ቢሯቸው አስጠሩኝና አዘኑልኝ። ያኔ ገባኝ። በጀት ጠቧል፣ ሻይ ከውጭ ይመጣል፣ አንቺም ታርፊያለሽ አሉኝ። እሺ አልሁ። ወደ በሩ ስዞር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ውሻው ግን ይቆይ» አሉ። «ቢሮው ለምዶታል።»

ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። መከታ ከኋላዬ። ወይዘሮ ስንዱ ከሥጋ ቤት ያስመጣችውን አጥንት ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠራችው። ቆመ። አጥንቱን ተቀበላት። ይዞት ተከተለኝ።

አቶ ወርቁ በሩ ድረስ ወጡ። አያ ሙሉን ውሻውን ያዙት አሏቸው። አያ ሙሉ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ጌታው፣ እኔ ዋስ የሆንሁ ከእሷ ጋር ለሚገባ ውሻ ነው። እሷ ከወጣች ዋስትናዬ ወርዷል። ነገ ሰው ቢነክስ ማን ይጠየቃል?»

አይነክስም አሉ አቶ ወርቁ።

«እንግዲያስ አንቱ ዋስ ይሁኑታ!»

አቶ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ። ወይዘሮ ስንዱን አዩ። ወይዘሮ ስንዱ ዲያቆኑን አየች። ዲያቆኑ ስልክ ተጠራበት። እኔና መከታ በሩን አልፈን ሄድን።

ቤቴ ሆኜ ነገሩ ሁሉ አለቀ ብዬ ነበር። እናቴ «ዝም ማለትሽ ጎዳሽ» አለችኝ፤ ያቺው ዝም አይነቅዝም የምትለኝ። ለቤዛ አጥሚት እያማሰልሁ ሳለሁ ደጃፌ ላይ ወይዘሮ ስንዱ ደረሰች። ባጃጅ አስቁማ ነው የመጣች፤ ታለከልካለች። የአንበሳሜው ገበሬ መጥተው ነበር አለችኝ። መጀመሪያ ኮሪደሩን ወዲህ ወዲያ አዩ። «ያ ውሻ የለም?» ብለው ጠየቁ። የለም ተባሉ። ከዚያ ጀምረው የተጠራቀመውን ሁሉ አወረዱት። እሳቸውን የሰሙት ሁሉ ተነሡ። አቶ ወርቁ በጓሮ በር ወጥተዋል።

«ውልሽ ታድሷል» አለችኝ። «ነገ ግቢ። ይዘሽው ነው ታዲያ።»

እሺ አልሁ። አሁንም ሻይ አፈላለሁ፣ አሁንም መከታ ሲጎትተኝ እቀመጣለሁ፣ ቤዛም ጡት ጥላ አጥሚቷን ትጠጣለች። ጠዋት ስንገባ አያ ሙሉ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን ሰላም ይላሉ። ማን በማን እንደገባ ያውቃሉ። አበው ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ። ጅቡን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም። በቀዳዳው ስወጣና ስገባ የምውለው እኔ ነኝ።